የላላ መሪና የጥገና ዕውቀት
በራያና ቆቦ ዐውራ ጎዳና ላይ የተሽከርካሪ ጥገና ትምህርት ያለፈበት የታሪክ ጉዞ

መግቢያ

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ዐውራ ጎዳና የየጁን ኮረብታዎች ካለፈ በኋላ ወደ ራያ ቆላ ይወርዳል። ጎብየን፣ ሮቢትን፣ ቆቦንና ዋጃን በየተራ እያለፈ አላማጣ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ በአብዛኛው ሜዳማ ነው። አላማጣን ሲለቅ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከሆነው ሜዳ ተነሥቶ ግራ ካሕሱን በጥምዝምዝ እየወጣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ቆረም ይደርሳል።

ይህ የመልክዓ ምድር ልዩነት ለተሽከርካሪ ጥገና ታሪክ የራሱ ትርጉም አለው። መሪው የላላ የጭነት ፒክአፕ በሮቢትና በቆቦ መካከል ባለው ቀጥተኛ መንገድ ላይ ሲሄድ አሽከርካሪው መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል። ልማዱም ቀስ በቀስ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ያው ተሽከርካሪ ማሽላ ወይም ሽንኩርት ጭኖ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ሲወጣና ሲወርድ ግን በሜዳው ላይ ተሸፍኖ የቆየው ጉድለት የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የላላ መሪን ችግር መነሻ በማድረግ ሁለት ነገሮችን መመርመር ነው። አንደኛው፣ ተሽከርካሪው ወደ አካባቢው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የጥገና ዕውቀት በማን እጅ እንደቆየና እንዴት እንደተላለፈ ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ መደበኛው ትምህርት ከጋራዡ ምን ሊወስድ፣ ለጋራዡስ ምን ሊሰጥ እንደሚችል መጠቆም ነው። የኢትዮጵያ ነክ ዘመናት የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጠቀሱት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

1. የችግሩ ምንነት

በጋራዥ ቋንቋ «ጨዋታ» የሚባለው፣ የፊት ጎማዎች ገና ሳይንቀሳቀሱ መሪው በባዶው የሚዞርበት መጠን ነው። ከመሪው እስከ ጎማው ድረስ ብዙ መጋጠሚያዎች ስላሉ ጥቂት ጨዋታ በማናቸውም ተሽከርካሪ ላይ ይኖራል። የሚፈቀደውን መጠን የሚወስነው የየተሽከርካሪው የፋብሪካ መመሪያ ሲሆን፣ በብዙ ፒክአፖች ዘንድ በመሪው ክብ ጠርዝ ላይ ሲለካ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ መጠን ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ ትርጉሙን ተማሪ በቀላል ሒሳብ ሊደርስበት ይችላል። የመሪው ክብ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 126 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በጠርዙ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት 11 ዲግሪ ተኩል ያህል መዞር ነው። መሪው 18 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ ብቻ የሚዞርበት ተሽከርካሪ ከሆነ፣ የጎማው ማፈንገጥ ከ1 ዲግሪ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ከፊት እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 3 ሜትር የሆነ ተሽከርካሪ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ ጎማዎቹ ይህን ያህል ቢያፈነግጡና አሽከርካሪው ሳያርማቸው አንድ ሰከንድ ቢያልፍ፣ ተሽከርካሪው ከመስመሩ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ጨዋታው እጥፍ ሲሆን መውጣቱም እጥፍ ይሆናል። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና በሚመጣበት ወይም ሕፃናት ከብት በሚነዱበት መንገድ ላይ ይህ ርቀት በደኅንነትና በአደጋ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

2. መሪ ከሠረገላ ወደ መኪና

የመሪ ጥበብ ከሞተር በፊት የተወለደ ነው። ቀደምት ሠረገላዎች ሲዞሩ የፊት ወጋግራው ሙሉ በሙሉ መሐል ላይ በተተከለ አንድ ምሶሶ ላይ ይሽከረከር ነበር። ጀርመናዊው የሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር እያንዳንዱ የፊት ጎማ በየራሱ ምሶሶ ላይ የሚዞርበትን ሥርዓት አሰበ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1818 በእንግሊዝ አገር በአከርማን ስም ስለተመዘገበ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። በዚህ ሥርዓት ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አግዳሚ ዘንግ የተያያዙ ሲሆኑ፣ ተሽከርካሪው ሲዞር በውስጥ በኩል ያለው ጎማ በውጭ በኩል ካለው የበለጠ ይታጠፋል።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በእጀታ ይመሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ከፓሪስ ወደ ሩዋን በተደረገው ውድድር ፈረንሳዊው ቫሸሮን በክብ መሪ ነዳ፤ ክቡም ቀስ በቀስ እጀታውን ተካ። በመሪው ሳጥን ውስጥ ጥርሶቹ በብረት ኳሶች አማካይነት እንዲገናኙ የሚያደርገው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1940 በካዲላክ መኪናዎች ላይ ገባ፤ በፈሳሽ ግፊት የሚታገዘው መሪም እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ለገበያ ቀረበ። በኢትዮጵያ ገጠር መንገዶች ላይ ለረዥም ዘመን ያገለገሉት የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፖች የፊት አክስላቸው ጠጣር፣ መሪያቸውም ባለ ኳስ ሳጥን ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች የሚቀርበው የምርመራ ሥርዓት በይበልጥ ለእነዚህና ለመሰሎቻቸው የሚስማማ ነው።

3. መንገዱና ተሽከርካሪዎቹ

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው መኪና የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ መኪናውን ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መንገድ በሌለበት አገር ነድቶ አምጥቶታል። በሰሜን በኩል ግን ተሽከርካሪ በብዛት የታየው ከጦርነት ጋር ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ የኢጣልያ ጦር በቆረምና በደሴ በኩል ወደ ደቡብ ገሠገሠ፤ ከደሴም ተነሥቶ በብዙ መቶ የጭነት መኪናዎች ተጭኖ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በቀጠሉት የወረራ ዓመታት ከአስመራ በደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዐውራ ጎዳና ተሠራ። የግራ ካሕሱ ጥምዝምዝና የጣርማ በር ዋሻ የዚሁ መሥመር ክፍሎች ናቸው።

ወራሪው ተባርሮ ከወጣ በኋላ መንገዱና መኪናዎቹ ቀሩ። ፊያት 634 የጭነት መኪና በኢጣልያንኛ ቁጥሩ «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ ይጠራ ነበር። መንገዱ ግን ጠጋኝ አጥቶ ተጎሳቁሎ ስለነበር፣ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የመንገድ ሥራው እንደገና ተጀመረ። በዚያው ዓመትም የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ «ኤንትሬ» በሚል ስም የታወቀው ፊያት 682፣ ላንድሮቨርና ቶዮታ በየተራ በመንገዱ ላይ ታዩ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የአገሪቱ ተሽከርካሪዎች ከመንገዱ ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ እንዲዛወሩ በተደረገ ጊዜ፣ የመሪው ቦታም ቀስ በቀስ ከቀኝ ወደ ግራ ወንበር እየተዛወረ ሄደ።

የጥገና ዕውቀት ዋጋ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በረኃብ ዘመን ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኃብ፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በደረሰው ረኃብ ጊዜ እህል ለተራበው ሕዝብ የሚደርሰው በጭነት መኪና ነበር። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም ሆነ ሌሎች ድርጅቶች እህሉ ወደብ ደርሶ ሳለ የመኪናና የመለዋወጫ እጥረት ሥራቸውን ያጓትትባቸው ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የዓለምን ዓይን የሳበው የቆረም መጠለያ የሚገኘው ከራያ ሜዳ በላይ፣ በዚሁ በግራ ካሕሱ ዳገት ራስ ላይ ነው። አንድ መኪና በመሪ ብልሽት ምክንያት በመንገድ ዳር ሲቆም፣ የሚቆመው ብረት ብቻ አልነበረም፤ በላዩ የተጫነው የብዙ ቤተሰብ ቀለብም ነበር።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነትም ሮቢትና ቆቦ ጉዳት ከደረሰባቸው ከተሞች መካከል ነበሩ፤ በመንገዱ ላይ የነበረውም ምልልስ ተቋርጦ ቆይቷል። መለዋወጫ በማይገባበት ጊዜ የአንድ አካባቢ ሕዝብ የሚተማመነው በእጁ ባለው ዕቃና በባለሙያዎቹ ዕውቀት ላይ ነው።

4. ጋራዥ እንደ ትምህርት ቤት

በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያው የጥገና ትምህርት ቤት ጋራዡ፣ የመጀመሪያው ተማሪም ረዳቱ ነው። ረዳቱ ጭነት ያስራል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ግራሶ ይሞላል፤ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆምም ድንጋይ ይወሽቃል። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ወይ ሹፌር ወይ መካኒክ ይሆናል። ትምህርቱ የሚተላለፈው በማየት፣ በመንካትና በመታዘዝ ነው። ተማሪው አስተማሪውን «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ ያለው ዕድል ግን ጠባብ ነው።

የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ በቋንቋው ላይ ታትሞ ይገኛል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ቦኮላ፣ ቴስቲና፣ ቡሎን፣ ዳዶና ካቻቢቴ ሁሉም ከኢጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። «መሪ» የሚለው ግን አማርኛ ነው፤ ሰውን፣ ከብትንም ሆነ አገርን ለመምራት ያገለገለው ግሥ መኪናንም ለመምራት አገልግሏል። ኢጣልያንኛ የማያውቅ ወጣት እነዚህን ቃላት ዛሬም ሲጠቀም፣ ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን ይመሰክራል።

ጋራዡ ያፈራው ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ልምድ ያለው መካኒክ እጁን በመጋጠሚያው ላይ አሳርፎ ሌላ ሰው መሪውን ሲያወዛውዝ፣ በዓይን የማይታየውን መላላት በጣቱ ይለየዋል። ድምፅን በመስማት ብቻ የኩሽኔታን ጉዳት ከቴስቲና ጉዳት የሚለይም አለ። ሆኖም ዕውቀቱ በልኬትና በምክንያት ካልተደገፈ አንድ ጉልህ ድክመት ይከተለዋል፤ ይኸውም ጉድለቱ ባለበት ቦታ ሳይሆን ጉድለቱ በተሰማበት ቦታ መጠገን ነው።

የዚህ ድክመት ዋና ምሳሌ በመሪው ሳጥን ላይ ያለችው የማጥበቂያ ቪቴ ናት። መሪው ሲላላ ይህችን ቪቴ በካቻቢቴ ማጥበቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ጨዋታውም ወዲያው የቀነሰ ይመስላል። ነገር ግን ሳጥኑ በአሠራሩ ጥርሶቹ ይበልጥ የሚቀራረቡት መሪው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ተሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድም የሚበላው ይኸው መካከለኛው ክፍል ነው። በመካከል የተበላውን ለማካካስ ከልክ በላይ የጠበቀ ሳጥን ወደ ዳር ሲዞር ይነክሳል፤ ከኩርባ በኋላም መሪው በራሱ ወደ ቀጥታው መመለስ ያቅተዋል። በሮቢት ሜዳ ላይ የተሻለ መስሎ የታየው ጥገና በግራ ካሕሱ ኩርባ ላይ አሽከርካሪውን የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ የመላላቱ ምክንያት ቴስቲና ሆኖ ሳለ ሳጥኑ ቢጠብቅ፣ የማስጠንቀቂያው ምልክት ይጠፋና ቴስቲናው መበላቱን ይቀጥላል።

5. የምርመራው ቅደም ተከተል

የላላ መሪን በአግባቡ የሚመረምር ባለሙያ ከመሬት ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ ይሄዳል። የመሪው ሳጥን የሚከፈተው ከሁሉም በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ጎማ፦ የነፋሱ መጠን በግራና በቀኝ እኩል መሆኑ፣ ጎማው በአንድ ወገን አለመበላቱና የጎማ ብሎኖች መጥበቃቸው ይታያል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ መሪውን የላላ ያስመስለዋል። የጎማው አበላልም የራሱ ምስክርነት አለው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ የተበላ ጎማ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ መዛባቱን ይናገራል።

ለ) ጭነት፦ ከኋላ አክስሉ ወደ ኋላ ያለፈ ከባድ ጭነት የፊቱን ያቃልለዋል፤ በዚህም ጊዜ ጤነኛ መሪ እንኳ የላላ ይመስላል። ስለዚህ ምርመራው ተሽከርካሪው ባዶ ሳለ ይደረጋል፤ አሽከርካሪውም ስለ አጫጫኑ ይጠየቃል።

ሐ) ኩሽኔታና ፔርኖ፦ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ተወሽቀው የፊቱ በክሪክ ይነሣል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ክልክል ስለሆነ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጉዳቱ በኩሽኔታው ወይም ጎማው በሚዞርበት ምሶሶ፣ በፔርኖው፣ ላይ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ጉዳቱ የኩሽኔታው፣ ካልጠፋ የፔርኖው ነው።

መ) ቴስቲናና ዘንጎች፦ ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ሳለ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከታች ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዞ ይከታተላል። መሪው በፈሳሽ ግፊት የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ መነሣት አለበት፤ ስለዚህ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆኖ የእጅ ፍሬን ይያዛል። አንዱ ዘንግ ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ዘንግ ወደ ኋላ የሚዘገይ ከሆነ፣ ጉዳቱ በሁለቱ መካከል ባለው ቴስቲና ላይ ነው። የተበላ ቴስቲና ይለወጣል እንጂ በመቀጥቀጥ ወይም በመበየድ አይጠገንም። ከተለወጠ በኋላም የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ በቦታው ይገባል፤ የፊት ጎማዎች አቅጣጫም እንደገና ይለካል።

ሠ) ባሌስትራና ሻንሲ፦ የባሌስትራው ቦኮላ ከተበላ ወይም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሠሩት ቡሎኖች ከላሉ፣ አክስሉ ራሱ ከቦታው ስለሚንሸራተት መሪው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር የተያያዘባቸው ቡሎኖችም ይፈተሻሉ፤ በዙሪያቸው የሻንሲ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩም ይታያል።

ረ) የመሪው ቋሚ ዘንግና ሳጥን፦ ከመሪው ክብ ወደ ሳጥኑ የሚወርደው ዘንግ መጋጠሚያው ከተመረመረ በኋላ፣ ጉድለት የተገኘው በሳጥኑ ውስጥ ብቻ ከሆነ የማጥበቂያዋ ቪቴ ትነካለች። ይህም ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ፣ በጥቂት በጥቂቱና እስከ ዳር ድረስ በነጻ መዞሩ እየተረጋገጠ ይከናወናል። ዘይቱ የጎደለ ወይም ጥርሱ የተበላ ሳጥን በማጥበቅ አይድንም።

በራያ ቆላ ለዚህ ጉዳት የሚያፋጥኑ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው አሸዋና አቧራ ነው። የቴስቲናው የጎማ ሽፋን ሲቀደድ አሸዋው ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ብረትን የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ሁለተኛው ጎርፍ ነው። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉት ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ወደ መስኖ እርሻው የሚገቡት ፒክአፖች ውኃ ውስጥ ስለሚሻገሩ ግራሶው ይታጠባል። ስለሆነም በዚህ አካባቢ ውኃ ከተሻገሩ በኋላ ግራሶ መሙላትና የጎማ ሽፋኖችን መመልከት ከትልቅ ጥገና የሚያድን ትንሽ ሥራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ይህን የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ሊተካ አይችልም።

6. የመደበኛው ትምህርት ድርሻ

መንግሥት የእጅ ሙያን በትምህርት ቤት ለማስተማር የጀመረው ጥረት ከጋራዡ ጋር በዕድሜ እኩያ ነው ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። በዚያው ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ በተስፋፉት አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእጅ ሙያ ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን ይሰጥ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ሥርዓት አጠቃላይ የፖሊቴክኒክ ትምህርት በሙከራ ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ከመጣው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን አልቀጠለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ከ10ኛ ክፍል በኋላ በሚጀምር ራሱን በቻለ ዘርፍ አደራጀው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ደግሞ ሥልጠናው በሙያ ደረጃዎች ላይ እንዲመሠረት፣ ከኢንዱስትሪ ጋር በትብብር እንዲሰጥና ሠልጣኙ በብቃት ምዘና እንዲፈተን ደነገገ።

እነዚህ እርምጃዎች ብዙ ባለሙያ አፍርተዋል። በጋራዡና በትምህርት ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። አንድ የራያ ወጣት በቤቱ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገራል። ወደ ጋራዥ ሲገባ የዕቃውን ስም በኢጣልያንኛ ይማራል፤ ወደ ሥልጠና ተቋም ሲሄድ ያንኑ ዕቃ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኘዋል። ለአንድ ቴስቲና ሦስት ስም ካለውና ሦስቱን የሚያገናኝለት መምህር ካላገኘ፣ በጋራዥ የሚያውቀውን በፈተና ላይ የማያውቀው ይመስለዋል። በሌላ በኩል በመጽሐፍ የተማረው ሠልጣኝ ስሙን ያውቃል፤ የተበላውን ካልተበላው በእጁ ለመለየት ግን ይቸገራል።

ሁለተኛው ምክንያት የፈተናው ጠባይ ነው። ሠልጣኝ «ቴስቲና ለውጥ» ተብሎ ሲታዘዝ መለወጡ ብቻ ከታየ፣ ጉድለቱ የት እንደሆነ የመፈለግ ችሎታው ሳይለካ ይቀራል። በእውነተኛው ሥራ ግን ባለመኪናው የሚመጣው «መሪዬ ላልቷል» ብሎ ነው፤ የቱ ክፍል እንደተጎዳ አይነግርም።

7. ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች የቀረቡ ሐሳቦች

በመጀመሪያ፣ የገጠር ተማሪ ይህን ትምህርት ከባዶ አይጀምርም። ገበሬው ሲያርስ የሚይዘው እርፉን ነው፤ ማረሻው ሲወላገድ ግን እርፉን አይወቅስም። ወገሉ መላላቱን፣ ድግሩ መንሸራተቱን፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር ያሠረው ምራን መርገቡን በየተራ ይመለከታል። ከእጅ እስከ ሥራው ቦታ ድረስ ያለውን ሰንሰለት መጋጠሚያ በመጋጠሚያ መከተል ማለት ይኸው ነው። መምህሩ የመሪውን ትምህርት ከዚህ ቢጀምር ተማሪው ከሚያውቀው ወደማያውቀው ይሸጋገራል።

ሁለተኛ፣ ከላይ የቀረበው ስሌት በሒሳብና በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ የሚችል ነው። የሚያስፈልገው ማስመሪያ፣ ጠመኔና አንድ የቆመ መኪና ብቻ ነው። ተማሪዎች በመሪው ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ጎማው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ ከዚያም ውጤቱ በመንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ያሰላሉ። ልኬቱ ሞተሩ ጠፍቶ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ በመምህሩና በአሽከርካሪው ፊት መደረግ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ በየጋራዡ የሚጣሉት ያረጁ ቴስቲናዎች፣ ቦኮላዎችና ኩሽኔታዎች ዋጋ የማይጠይቁ የትምህርት መርጃዎች ናቸው። አዲስና የተበላ ዕቃ ጎን ለጎን በእጁ ይዞ የነቀነቀ ተማሪ፣ «መበላት» የሚለውን ቃል ሥዕል ከሚያሳየው በላይ ይረዳዋል።

አራተኛ፣ የየተቋሙ መምህራን ከአካባቢው መካኒኮች ጋር ሆነው የዕቃ ስሞችን በጋራዥ ቋንቋ፣ በአማርኛ ማብራሪያና በመጽሐፉ ቋንቋ ጎን ለጎን የሚያሳይ ዝርዝር ቢያዘጋጁ፣ ሠልጣኙ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። የጋራዡን ቃል ማረም አያስፈልግም፤ ማብራራት ይበቃል።

አምስተኛ፣ የፕላን ባለሙያዎች የትብብር ሥልጠናውን ሰዓት ሲደለድሉ ለምርመራ የተለየ ጊዜ ቢመድቡ፣ የምዘናው ጥያቄም «የመላላቱን ምክንያት ፈልገህ ቅደም ተከተሉን አስረዳ» በሚል መልክ ቢዘጋጅ ውጤቱ ከሥራው ዓለም ጋር ይቀራረባል። ነባር መካኒኮችም በአጭር ሥልጠና ልኬትንና የፋብሪካ መመሪያን መጠቀም ቢለምዱ፣ ያላቸው የእጅ ዕውቀት ዋጋው ይጨምራል። ስለሆነም ሥልጠናው ለወጣቶች ብቻ መታቀድ የለበትም።

ማጠቃለያ

የተሽከርካሪ ጥገና ዕውቀት በራያና ቆቦ ምድር የገባው ከጦርነት ጋር በመጣ መንገድ፣ ያደገውም በረዳቶችና በመካኒኮች እጅ ነው። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ምክንያትን፣ ልኬትንና ቅደም ተከተልን ይዞ መጥቷል። እስከ ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጉዘዋል፤ የተገናኙበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። የላላ መሪ ጉዳይ የሚያስተምረው ሁለቱ ሲለያዩ የሚደርሰውን ነው፤ እጁ ያለ ምክንያት ሲሠራ ጉድለትን ይደብቃል፣ ምክንያቱም ያለ እጅ ሲቀር ጉድለትን ስሙን ከመጥራት አያልፍም።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት ትልቅ በጀት ወይም አዲስ ሕንፃ የግድ አያስፈልግም። ለመጀመሪያው እርምጃ አንድ የቆመ ፒክአፕ፣ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ፣ አንድ ማስመሪያና ጥያቄውን በሥርዓት የሚያቀርብ መምህር ይበቃሉ። ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ጥቅም ደግሞ በመኪናው ባለቤት ላይ አይወሰንም፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን እግረኛ፣ በጭነቱ ላይ የተቀመጠውን ተሳፋሪና እህሉን የሚጠብቀውን ቤተሰብ ጭምር የሚነካ ነው።